ከእናቶች ቀድመን የምንታክተው እኛ ነን

በምሳለምበት ደብር በር ላይ ነጠላዋን አመሳቅላ የለበሰች አንዲት እናት ትቆማለች። በላስቲክ የተለበጠ የልጇን ፎቶግራፍ ደረቷ ላይ ይዛለች። ከፎቶው ሥር የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለ፤ ከቁጥሩ በታች ልጇ ሊቢያ ውስጥ ታግቶ ገንዘብ እንደተጠየቀበት በእጅ ተጽፏል። ቅዳሴ ሲገባ ፎቶውን በነጠላዋ ሸፍና ታስቀድሳለች፤ ሕዝቡ ሲወጣ ቀድማ ወጥታ በሩ ላይ ትጠብቀዋለች።

ሰው የሚላትን ሰምቻለሁ። አንዱ «ታገሺ» ብሏት ያልፋል። ሌላዋ ጥቂት ራቅ ብላ «ራሷ አይደለች እንዴ በሬ ሸጣ ለደላላ የሰጠችው?» ትላለች። አጥብቃ ብትጸልይ ኖሮ ልጇ እዚህ ላይ ባልደረሰ ነበር የሚልም አልጠፋም። የእናት ጸሎት በተነሣ ቁጥር የምንመዝነው የእርሷን ጽናት ነው። አጠገቧ የቆምነው ሰዎች ስንት ጊዜ እንደምንቆይላት ግን ማንም አይጠይቅም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሐና በሴሎ ልጅ ለማግኘት ስታለቅስ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ድምፅዋ አልተሰማም፤ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለው። ከነናዊቷ ሴት ስለታመመች ልጇ ስትጮህ ደቀ መዛሙርቱ ጩኸቷ ስለ ከበዳቸው ጌታን እንዲያሰናብታት ለመኑት። ሁለቱንም ዝም ሊያሰኙ የቃጡት ለመቅደሱና ለጌታ ቅርብ የነበሩት ናቸው።

የቅዱስ አውግስጢኖስ እናት ሞኒካም እንዲሁ ናት። የዛሬዋ አልጄሪያ ውስጥ በነበረችው በታጋስት ትኖር ነበር። ልጇ ከማኒ ተከታዮች ጋር ወደ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲቆይ አልቅሳ የለመነችው አንድ ጳጳስ በመጨረሻ ሰልችቶት አሰናብቷታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ383 ልጇ ጓደኛ ልሸኝ ነው ብሎ አታለላት። እርሷ በሰማዕቱ በቆጵርያኖስ ስም በተሠራው ቤት ስትጸልይ ባደረችበት ሌሊት ከካርታጎ በመርከብ ወደ ሮም ተጓዘ። ልጆቻችን ዛሬ የሚሰጥሙበትን ያንኑ ባሕር ነው የተሻገረው። ዛሬም «ጓደኛ ልሸኝ» ብለው የሚወጡ አሉ። ሞኒካ ግን ተከትላው ሚላኖ ድረስ ሄደች። በ387 በፋሲካ ሲጠመቅ አየች፤ በዚያው ዓመት ኦስቲያ ላይ አረፈች። ልጇ እንዳይሄድባት ነበር የጸለየችው። እርሱ ግን ሄደ፤ ያስተማረውንና ያጠመቀውን አምብሮስዮስንም ያገኘው እዚያው በሄደበት ነው።

ወደ ራሳችን ቤት ልምጣ። በየወሩ በ21 የምንጠጣው የማርያም ጽዋ ማኅበር አለን። ጸሎቱ ከመድረሱ በፊት የንስሐ አባታችን የልጆቻችንን የክርስትና ስም ከወረቀት ያነቡልናል። ጅዳ ያለችው፣ ቤይሩት ያለችው፣ የት እንደገባ ያልታወቀው ሁሉም በየስማቸው ይጠራሉ። የእኔም ልጅ፣ ሪያድ ያለችው ወለተ ጊዮርጊስ፣ እዚያ ወረቀት ላይ አለች። ወረቀቱ ከዓመት ዓመት ረዘመ። አንድ ወር ላይ ከመካከላችን አንዷ፣ ክፋት አስባ ሳይሆን ሰዓቱ ስለሚሄድ፣ ድምፃቸው ከጠፋ የቆዩትን ልጆች እናውጣ አለች። ብዙዎቻችን ዝም አልን፤ ወረቀቱም አጠረ።

በቀጣዩ ወር ስሞቹ ተነበው አለቁ። ፊደል የማይለዩ አንዲት እናት አሉን፤ ጸሎታቸው «አቡነ ዘበሰማያት» እና «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» ነው፤ ከዚያ ስግደት። እትዬ ቀና ብለው «አባቴ፣ ወልደ ሚካኤልን ዘለሉት» አሉ። ካህኑ ወረቀቱን አገላብጠው አዩ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴያችን፣ አንገቱን ደፋ። እትዬም ቁጣ ሳያሳዩ «እንግዲህ እኔ ልጥራው» አሉና ጠሩት። ያን ቀን ዳቦው ሳይቆረስ ወረቀቱ እንደ ቀድሞው እንዲጻፍ ተወሰነ። ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ሌሎች ማኅበራትም እንዲህ እንዲያደርጉ እፈልጋለሁ።

ጸሎት እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የሚመስለው ሰው ያችን በር ላይ የምትቆመውን እናት አንድ ቀን ይከተላት። ሌሊት ለኪዳን ትነሣለች፤ ቅዳሴ ታስቀድሳለች፤ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ፣ ከዚያ ወረዳ፣ ከዚያ አጋቾቹ ሲደውሉ ስልክ ላይ። የሚያስነሣት ጸሎቱ ነው። በዚህ ጸሎት የሚነግዱም አሉ፤ እናቶችን ገንዘብ አስከፍለው «ልጅሽን በራእይ አይቼዋለሁ» የሚሏቸውን ሰዎች ቤተ ክርስቲያን፣ የኦርቶዶክስም የወንጌላውያንም ብትሆን፣ በግልጽ ልትገሥጻቸው ይገባል። ሥራቸው ኀዘን ላይ ያለችን እናት መዝረፍ ነው።

አባቶችስ? ኢዮብ ማልዶ እየተነሣ ስለ ልጆቹ መሥዋዕት ያቀርብ ነበር። በእኛ ዘንድ ግን ስለ ልጅ ማልቀስ ለእናት ብቻ የተተወ ሥራ ሆኗል፤ ይህን አልቀበለውም።

መታከቱ የአገርም ነው። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. አይሲስ በሊቢያ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳየው ምስል በወጣ ጊዜ አገር ሁሉ ከእናቶቻቸው ጋር አለቀሰ። ቂርቆስ ሰፈር ድንኳን ተተከለ፤ የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን ታወጀ፤ ቤተ ክርስቲያንም ሰማዕታት አለቻቸው። ያኔ ማንም እናቶቹን ለምን ላካችሁ አላላቸውም። በ2017 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ የመን ጠረፍ ላይ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ከ150 በላይ ሰዎችን የጫነች ጀልባ ስትገለበጥ ግን ወሬው በቀናት ውስጥ ከአፋችን ጠፋ። የብዙዎቹ እናቶች ልጃቸው ይሙት ይኑር ሳያውቁ ዛሬም ሻማ እያበሩ ይሆናል።

በቤተ ክርስቲያን በር ፎቶ ይዛ የቆመች እናት ስታገኙ ብር ባይኖራችሁ እንኳ የልጇን የክርስትና ስም ጠይቋትና በጸሎታችሁ አስቡት። በስደት ያላችሁ ልጆች ደግሞ፣ ሥራ ባይሳካላችሁም፣ የምትልኩት ባይኖራችሁም፣ ያላችሁበትን ለእናታችሁ ደውላችሁ ንገሩ። ዛሬ ደውሉ።