2.75፦ የዩኒቨርሲቲ ውጤት ለሥራ ፈላጊው ምን ያህል ይመዝናል?

አዲስ አበባ አራት ኪሎ አካባቢ ጋዜጣ ተከራይተው የሥራ ማስታወቂያ የሚያነቡ ወጣቶች ለረጅም ዓመታት የከተማዋ የዘወትር ትዕይንት ነበሩ። ዛሬ ማስታወቂያው በአብዛኛው ወደ ቴሌግራም ቻናሎች ተሻግሯል። ቃሉ ግን ብዙም አልተለወጠም፦ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የሥራ ልምድ 0 ዓመት፣ አጠቃላይ አማካይ ውጤት ለወንዶች 2.75፣ ለሴቶች 2.50 እና ከዚያ በላይ። ቁጥሩ እንደ ቀጣሪው ከፍ ዝቅ ይላል፤ አዲስ ምሩቃንን የሚቀጥሩ ባንኮች 3.00 እና ከዚያ በላይ የሚጠይቁበት ጊዜ አለ። ትራንስክሪፕቱ ላይ 2.74 የተጻፈበት ምሩቅ ስለ ችሎታው የሚጠይቀው ሰው ሳያገኝ ከውድድሩ ይወጣል።

አንድ መቶኛ ነጥብ በሠራተኛ ብቃት ላይ የሚያመጣው ልዩነት እንደሌለ ቀጣሪዎችም ያውቃሉ። ታዲያ መስመሩ ለምን ይሰመራል?

ምክንያቱ የቁጥር ነው። ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በፊት በኢትዮጵያ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ዛሬ ከ40 በላይ ናቸው። የግል ኮሌጆች ሲታከሉበት በየዓመቱ የሚመረቀው ወጣት ኢኮኖሚው ከሚከፍተው የቢሮ ወንበር ጋር ፈጽሞ አልተመጣጠነም። ለጥቂት ክፍት ቦታዎች ሺዎች ሲያመለክቱ፣ ሁሉንም ለመፈተን አዳራሽ፣ ፈታኝ፣ አራሚ እና ገንዘብ ያስፈልጋል። በአማካይ ውጤት መቁረጥ ግን ምንም ወጪ የለውም፤ የኦንላይን ቅጽ ራሱ ይሠራዋል። ስለዚህ 2.75 የሚለው ቁጥር ሥራው ስለሚጠይቀው ችሎታ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። የሚናገረው ስለ አመልካቾች ብዛት ነው፤ አመልካች ሲበዛ መስመሩ ከፍ ይላል፣ ሲያንስ ዝቅ ይላል።

ይህ ማለት ውጤት ትርጉም የለውም ማለት አይደለም። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ማይክል ስፔንስ እ.አ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ ቀጣሪ የአመልካቹን ችሎታ በቀጥታ ማየት ስለማይችል ዲግሪን እንደ ምልክት እንደሚያነብ አስረድቷል፤ በዚሁ መስክ ለሠራው ሥራም በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ውጤትም እንዲሁ ምልክት ነው፤ በጊዜ መገኘትን፣ የተሰጠን ሥራ መጨረስን፣ ጫናን መቋቋምን በመጠኑ ያሳያል። ፊሊፕ ሮት እና ባልደረቦቹ በ1996 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው የደረሱበት ድምዳሜም ይህንኑ ያጠናክራል፦ በዩኒቨርሲቲ ውጤት እና በሥራ አፈጻጸም መካከል ግንኙነት አለ፤ ግንኙነቱ ግን ከምረቃ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ዓመት ጠንከር ብሎ ይታይና ዓመታት ሲቆጠሩ ይደክማል። በጉግል የሰው ሀብት ኃላፊ የነበሩት ላዝሎ ቦክም በ2013 ለኒውዮርክ ታይምስ በሰጡት ቃለ መጠይቅ፣ ኩባንያው የራሱን መረጃ ሲመረምር የትምህርት ውጤት ለቅጥር መመዘኛነት እንደማይረባ ማየቱን ተናግረው ነበር። አዲስ ምሩቃንን ግን ለይተው አስቀርተዋል፤ በእነርሱ ላይ ጥቂት ግንኙነት ይታያል።

እንግዲህ ምልክቱ የሚሠራው ምልክት ሰጪው የታመነ እስከሆነ ድረስ ነው። የኢትዮጵያ ችግር እዚህ ላይ ይጀምራል። ተማሪዎች “ከርቭ” በሚሉት አሠራር ተማሪው የሚመዘነው ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ተነጻጽሮ ነው፤ “ፊክስድ” በሚሉት ደግሞ አስቀድሞ በተወሰነ የነጥብ መስፈርት። ጎበዞች በተሰበሰቡበት ክፍል በከርቭ የተገኘ ሲ፣ ሌላ ቦታ በለጋስ መምህር እጅ ኤ ሊሆን ይችላል። በምህንድስና የተገኘ 2.8 እና ፈተናው ቀለል በሚልበት የትምህርት ክፍል የተገኘ 3.4 በአንድ ሚዛን ሲቀመጡ ሁለተኛው ያሸንፋል፤ ቅጹ የትምህርት ክፍልን ክብደት አያውቅምና።

በ2015 ዓ.ም. በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ መርሃ ግብሮች የተጀመረው የመውጫ ፈተና ይህን ክፍተት በአደባባይ አሳየ። ከ150 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ በማምጣት ያለፉት 40.65 በመቶ ነበሩ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ከተፈታኞቹ ብዙዎቹ በተቋሞቻቸው ሚዛን ለምረቃ የሚያበቃውን 2.00 ያሟሉ፣ አንዳንዶቹም ከዚያ እጅግ የበለጠ ውጤት የነበራቸው ናቸው። ፈተናው የምርጫ ጥያቄዎችን ብቻ የያዘ፣ በኮምፒውተር የሚሰጥ መሆኑ፣ አንዳንድ ተፈታኞች ከኮምፒውተር ጋር እምብዛም አለመተዋወቃቸውም ሊረሳ አይገባም። ያም ሆኖ ትራንስክሪፕት ላይ የሚጻፈው ቁጥር ከተቋም ተቋም ምን ያህል የተለያየ ነገር እንደሚናገር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ተንታኞች “እንግዲያው የውጤት መስፈርቱ ይቅር” ይላሉ። ይህ ጸሐፊ ለመስማማት ይቸገራል። ምክንያቱ ውጤትን የሚተካው ነገር ነው። ሥራ ፈላጊዎች እርስ በርስ ሲገናኙ ከሚጠያየቁት አንዱ “እዚያ ሰው አለህ ወይ?” የሚል ነው። ከገጠር መጥቶ፣ በከተማው አጎትም ወዳጅም የሌለው የገበሬ ልጅ በእጁ ያለው ብቸኛ ሀብት ያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሊታይ ይችላል፤ 3.40 ይዞ የቀረ ሰው 2.90 ይዞ የገባውን እያሳየ አቤት ሊል ይችላል። በቃለ መጠይቅ የወደቀ ሰው ግን የሚያሳየው የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተሰጠ ነጥብ ምስክር የለውም።

በብሪታኒያ የሆነውን በጥንቃቄ ማንበብ የሚገባውም ለዚህ ነው። በዚያ አገር ትልልቅ ቀጣሪዎች ለዓመታት “የሁለተኛ ክፍል ላይኛው እርከን” የሚባለውን የዲግሪ ደረጃ እንደ ቅድመ ሁኔታ ሲጠይቁ ኖረዋል። የሒሳብና የማማከር ድርጅቱ ኧርነስት ኤንድ ያንግ በ2015፣ ፒደብልዩሲ ደግሞ በ2022 ይህን መስፈርት እንደሚያነሱ አስታውቀዋል። ዜናው በእኛ አካባቢ “ውጤት ዋጋ አጣ” ተብሎ ይጠቀሳል። ድርጅቶቹ ግን በሩን ክፍት አልተዉትም፤ በስፍራው ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት የሆኑ የራሳቸውን ፈተናዎች ተክለዋል። ወጪውን የመሸከም አቅም ስላላቸው አደረጉት።

በኢትዮጵያ ለዚህ የሚቀርበው ምትክ አሁን በእጅ ያለ ይመስላል። የመውጫ ፈተናው በአንድ የትምህርት መስክ ላሉ የመቀሌ፣ የጅማ እና የጎንደር ተማሪዎች ተመሳሳይ ጥያቄ ያቀርባል፤ ውጤቱም ከመቶ ይሰጣል። ቀጣሪ ድርጅቶች የአማካይ ውጤት መቁረጫውን ወደ ምረቃ መስፈርቱ ዝቅ አድርገው፣ ወደ ጽሑፍ ፈተና የሚጠሩትን በመውጫ ፈተና ነጥብ ቢለዩ ከተቋም ተቋም የሚለያየው ሚዛን የሚያስከትለው በደል በመጠኑ ይቀንሳል። አሁን የሚታየው ግን ሁለቱን መደረብ ነው፤ ምሩቁ ፈተናውን ያለፈበትን ማስረጃ ያቀርባል፣ ከዚያም 2.75ቱን ያሟላል።

የሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ምሩቃንም ከዚህ ዓይነቱ መስመር አላመለጡም። የኡጋንዳው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ከ5.00 ይመዝናል፤ 4.40 እና ከዚያ በላይ አንደኛ ክፍል፣ 3.60 እና ከዚያ በላይ የሁለተኛ ክፍል ላይኛው እርከን ነው። በናይሮቢም ሆነ በካምፓላ ምሩቅ ራሱን ሲያስተዋውቅ ይህን እርከን ይጠቅሳል። ድንበር ሲሻገሩ ደግሞ ቁጥሩ ሌላ ሕይወት ያገኛል። የብሪታኒያው ቺቭኒንግ የነጻ ትምህርት ዕድል በተለምዶ ከላይኛው እርከን ጋር የሚመጣጠን ዲግሪ ይጠይቃል፤ ብዙ የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች 3.00 ከ4.00 ይሻሉ። ስለዚህ በ22 ዓመቱ የተሰጠው ቁጥር በ35 ዓመቱ ማስተርስ ለመማር የሚያመለክተውን ሰው ተከትሎ ይሄዳል።

በአገር ውስጥ ሥራ ገበያ ግን ክብደቱ ቶሎ ይቀልላል። ሦስት ወይም አምስት ዓመት ልምድ የሚጠይቁ ማስታወቂያዎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ አማካይ ውጤት አያነሱም። አስቸጋሪው ነገር ልምዱ የሚገኘው ከመጀመሪያው ሥራ መሆኑ ነው፤ የመጀመሪያው ሥራ በር ላይ የቆመው ደግሞ ያ ቁጥር ነው። አንዴ የገባ ሰው ውጤቱን ይረሳዋል፣ ያልገባው ግን ለዓመታት ይሸከመዋል።

ቁጥሩ የሚሠራበትን ጊዜ ማየትም ይገባል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ኮርሶችን ይማራሉ፤ ወደ ትምህርት ክፍል የሚመደቡት በአብዛኛው በዚያ ዓመት ውጤትና በምርጫቸው ነው። ከቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የራቀ፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ትምህርት መከታተል የከበደው ወጣት በዚያ ዓመት ያጣውን ነጥብ ለማካካስ ቀሪዎቹን ዓመታት ይሮጣል። አንዳንዱም ያልፈለገው ክፍል ተመድቦ ያለ ፍላጎት ይማራል። በትግራይ ጦርነት ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ትምህርታቸው ተቋርጦ የተመለሱ፣ በአማራ ክልል ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በቀጠለው ግጭት ጥሪ ሲጠብቁ የከረሙ ተማሪዎችም አሉ። በትራንስክሪፕታቸው ላይ የሚታየው ያው የኮርስ ስም፣ ፊደል እና አማካይ ነው። በመካከል ያለፈውን የሚጽፉበት ቦታ በማመልከቻ ቅጹ ላይ የለም።