አብሽ ሲመታ

ሆዳችንን ሲቆርጠን እናቴ አብሽ ታጠጣን ነበር። ዱቄቱን ትዘፈዝፋለች፣ መራራውን ውሃ ደጋግማ ትደፋለች፣ ከዚያ እስኪኮፈስ በማንኪያ ትመታዋለች። ማር ጠብ ብታደርግበትም አፍንጫችንን ይዘን ነበር የምንጠጣው። አብሽ ከመድኃኒትነቱ ሌላ ምግብም መሆኑ በሐሳባችን አልነበረም፤ በአንድ ግድግዳ ከምንጎራበታቸው የመኖች ቤት እስክንገባ ድረስ።

ቤታችን ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ነበር። የጎረቤታችንን እመቤት እኛ ልጆች «ኻላ» እንላቸዋለን፤ በዐረብኛ የእናት እህት ማለት ነው። በአፋችን «ኻላ፣ ነይ» ነበር የምንለው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም። ዛሬ ስጽፍ ግን እጄ እንቢ አለኝ።

ኻላም አብሽ ይዘፈዝፋሉ፣ መራራውን ይደፋሉ፣ ይመታሉ። እናቴ በቃኝ ካለችበት በኋላ ገና መጀመራቸው ነው። ቢጫው አብሽ ነጥቶ እንደ ተመታ እንቁላል አረፋ እስኪሆን አይለቁትም። አረፋውን በድንጋይ ድስት ከሚንተከተከው ወጥ ላይ ይከምሩታል፤ ከጎኑ ቲማቲምና ቃሪያ የተፈጨበት ሰሓዊቅ ይቀርባል። ሰልታ ይባላል፤ የሰነዓ ሰው ምሳ ነው። እናቴ መጀመሪያ ያየች ቀን «አቦ፣ የልጆቼን መድኃኒት ወጥ ላይ ደፋሽው?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ቀመሰች፤ ዝም አለች፤ ደግማ ቀመሰች።

ለእኛ የተለየች ትንሽ ድስት ነበረች። ሥጋ አይገባባትም፤ ድንችና እንቁላል ብቻ። እኛ ሙስሊም ያረደውን አንበላም፣ እነሱም እኛ ያረድነውን አይበሉም። ይህን ማንም ለማንም ሲያስረዳ አልሰማሁም፣ ማንም ሲቀየምበትም አላየሁም። በጾም እንቁላሉም ይቀራል። ረቡዕና ዓርብን ከእኛ ከልጆቹ በተሻለ የሚያስታውሱት ኻላ ነበሩ። እናቴ በበኩሏ በረመዳን ቀን ቡና አትቆላም ነበር፤ ሽታው ግድግዳ ይሻገራል ብላ። አመሻሽ ላይ፣ አዛን ሊል ሲል፣ የምስር ሳምቡሳ ሸፍና ትልከኛለች። ሳህኑ ባዶውን ተመልሶ አያውቅም።

«ድሬ የፍቅር አገር» ሲባል ብዙ ሰው ዘፈንና ጨዋታ ይታየዋል። እኔ የሚታየኝ ያቺ ትንሽ ድስት ናት።

ድሬ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ አረፈ፤ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ። የከተማዋ የመጀመሪያ ስም እንኳ አዲስ ሐረር ነበር። ባቡሩ ፈረንሳዩን፣ ግሪኩን፣ አርመኑን፣ ሕንዱን፣ የመኑን አመጣ። ከዚራ የነሱን ቤትና የዛፍ ጥላ ይዛ ቀረች፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ ሱቁን ዘረጋች። በ1967 ደርግ ትርፍ ቤትና ትልልቅ ድርጅቶችን ሲወርስ ብዙዎቹ ወጡ። የኻላ ቤት ግን ቆየ፤ እኔም የመንን ሳልረግጥ ያወቅኩት በዚያ ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ነው።

ምን አወቅኩ? ለእንግዳ ጣፋጭ ቀድሞ እንደሚቀርብ። ቢንት አስ-ሰሕን የሚሉት እንደ ወረቀት በስሱ ተደራርቦ የሚጋገር ሊጥ አለ፤ ጥቁር አዝሙድ ይነሰነስበትና ገና ትኩስ ሳለ ማር ይፈስበታል። ከወጡ በፊት እሱን ሳላቀምስ አልጀምርም ይላሉ ኻላ። ማር ሲነሣ ደግሞ የሐድረመውትን የዶዓን ሸለቆ ስም ሳይጠሩ አያልፉም፤ ለእናቴ ማር ግን አንድም ቀን ምስጋና አልነፈጉም። አሲዳቸው ገንፎ ነው፤ መካከሉ ይጎደጎድና በቅቤና በበርበሬ ፈንታ መረቅ ይሞላል። ላሆሃቸው በአንድ ወገን ብቻ የሚጋገር፣ ዓይን ያለው፣ የእንጀራ የሥጋ ዘመድ ነው። ቂሽር ብለው ከቡና ገለፈት በዝንጅብል የሚያፈሉት ሐረር ላይ ሀሸር ተብሎ ይጠጣል። ቀይ ባሕር ካርታ ላይ ሰፊ ነው፤ ከዚያ ምንጣፍ ላይ ሲታይ አንድ እርምጃ አይሞላም ነበር።

ሆቴል የገባ ሰው የየመኖቹን ሩዝና ሥጋ፣ መንዲን፣ አዝዞ ይጠግባል፤ ጥሩ ነው። ማን ለማን እጅ እንደሚያስታጥብ፣ የትኛው ጉርሻ ለልጅ እንደሚተው፣ ልጅ ያገባበት ሌሊት ምን እንደሚጋገር ግን ምግብ ዝርዝሩ ላይ አይጻፍም። እንግዳ ሲመጣብን የባቡር ጣቢያውን፣ ከዚራን፣ የቀፊራን ገበያ ቅስቶች እናሳያለን። ማድ ቤት የሚያስገባው የለም። የከተማችን ባህል ቢሮ የሕንፃ ቅርስ ለመመዝገብ የሚደክመውን ያህል የየመኑን፣ የሐረሪውን፣ የሶማሌውን፣ የኦሮሞውን፣ የአማራውን እናት ድስት ቢመዘግብ እላለሁ፤ ደግሞ ዛሬ፣ ሴቶቹ በሕይወት ሳሉ። ኻላ ማንኪያና ኩባያ ቆጥረው አያውቁም፤ ልኩ እጃቸው ላይ ነበር። ሲሞቱ የቢንት አስ-ሰሕኑ ልክ አብሮ ሄደ። ሴት ልጃቸው አሥር ጊዜ ሞክራ አሥር ጊዜ «የእማማ አይደለም» ብላ ሳህኑን ገፍታዋለች።

አብሹ ግን ተርፏል። ባለፈው ቅዳሜ እሷ ቤት ነበርኩ። ሳህኑን ጭኔ ላይ አስቀምጣ ማንኪያውን ሰጠችኝ። እናቴ ድሮ ታቆምበት የነበረው ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋት።

«ገና ነው» አለችኝ።

ክንዴን ቀየርኩ።