«መንካት ክልክል ነው»፦ የሙዚቃ ቤተ መዘክር፣ ቡናና ሳይንስ

ቤተ መዘክር ሲባል ወደ አብዛኞቻችን ሐሳብ የሚመጣው ጸጥ ያለ አዳራሽ፣ በመስታወት የተሸፈነ ሣጥንና «መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ነው። ለዘውድ፣ ለጋሻና ለጥንታዊ ብራና ይህ ተገቢ ጥንቃቄ ነው፤ እነዚህ ቅርሶች በዓይን ብቻ ቢታዩም ብዙ ይናገራሉና። የሙዚቃ መሣሪያ ግን ከዚህ ወገን አይመደብም። በመስታወት ውስጥ የቆመ በገና እንጨት፣ ቆዳና አንጀት ነው፤ በገና የሚያሰኘው ድምፁ ነው። ድምፁ ካልተሰማ ጎብኚው ያየው የበገናውን ልብስ እንጂ በገናውን አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። የሙዚቃ መሣሪያዎቻችን የሚደመጡበትና የሚነኩበት፣ ሳይንሳቸውም የሚገለጥበት አሳታፊ ቤተ መዘክር ያስፈልገናል፤ ለዚህም ጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞች ምቹ ሥፍራ ናቸው። ቡናና የቡና ቁርስም በዚህ ሐሳብ ውስጥ የጎን ነገሮች ሳይሆኑ የትምህርቱ አካል ናቸው።

በእጃችን ያለው

በአገራችን የዜማ መሣሪያዎችን ሰብስቦ ከጥፋት በመጠበቅ ረገድ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ባለውለታችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው ይህ ተቋም፣ ቀድሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኖሪያ በነበረው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ባደራጀው ቤተ መዘክር፣ ከሥዕላቱና ከመስቀሎቹ ጎን ለዜማ መሣሪያዎችም ክፍል ሰጥቷቸዋል። በጅማ ከተማ ያለው ቤተ መዘክርም እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡትን የዳግማዊ አባ ጅፋርን ንብረቶች ጠብቆ ለትውልድ አቆይቷል። ለእነዚህ ተቋማት ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባም። ሆኖም ጠብቆ ማቆየት የሥራው ግማሽ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ማሰማት ነው።

ደግሞም ርቀት አለ። አዲስ አበባ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በማና ወረዳ ዋና ከተማ በየቡ፣ በአጋሮ ወይም በሊሙ ገነት የሚማር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስለ ሞገድ፣ ስለ ድግግሞሽና ስለ አስተጋብኦት በፊዚክስ መጽሐፉ ያነባል፤ ቀመሩንም አጥንቶ ይፈተናል። ነገር ግን ያ ቀመር ሲዘምር ሳይሰማ ትምህርቱን የሚጨርሰው ተማሪ ቁጥር ቀላል አይደለም።

«ክላሲካል» የማን ነው?

ብዙዎች «ክላሲካል ሙዚቃ» ሲባል ሞዛርትንና ቤትሆቨንን ብቻ ያስባሉ። ቃሉ በሰፊው ሲተረጎም ግን ሥርዓት ያለውን፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በትምህርት የሚተላለፈውን፣ ዘመን የተሻገረውን ጥበብ ያመለክታል። በዚህ ሚዛን ቢለካ የአገራችን ድርሻ ትንሽ አይደለም። በትውፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን ለነበረው ለአክሱሙ ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጠው ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በተባሉ ሦስት ስልቶች የተደራጀ፣ እንደ ይዘት፣ ድፋትና ርክርክ ያሉ የራሱ ምልክቶች ያሉት፣ ለመማርም ረጅም ዓመታት የሚጠይቅ ሥርዓት ነው። ጅማን በተመለከተም፣ በመንዙማ የሚታወቀው የአካባቢው ሕዝብ ድምፅን በትኩረት የማዳመጥ ባህል ያለው መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ከአውሮፓው ሙዚቃ ጋር የተገናኙ ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራች ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ፣ «እረኛው ባለ ዋሽንት» በተባለው ድርሰታቸው የአገራችንን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ከምዕራባዊው ኦርኬስትራ ጋር አገናኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1923 ተወልደው በ2023 ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ደግሞ ፒያኖን በኢትዮጵያዊ ስሜት በማናገራቸው ዓለም አውቋቸዋል። ስለዚህ የክላሲካል ሙዚቃ ቤተ መዘክር ይቋቋም ማለት የባዕድ ነገር እናምጣ ማለት አይደለም።

ከቪየና የምንማረው

እ.ኤ.አ. በ2000 በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና «ሐውስ ዴር ሙዚክ»፣ ማለትም «የሙዚቃ ቤት» የተባለ አሳታፊ ቤተ መዘክር ተከፈተ። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1842 የቪየና ፊልሃርሞኒክን የመሠረተው ኦቶ ኒኮላይ በአንድ ወቅት የኖረበት ነው። በዚያ ቤት ጎብኚው የታላላቅ ደራስያንን ታሪክ አንብቦ ብቻ አይወጣም። የሙዚቃ መሪ በትር ይይዝና በትልቅ ስክሪን ላይ የሚታየውን ኦርኬስትራ ይመራል። እጁን ሲያፈጥን ሙዚቃው ይፈጥናል፤ ሲያዘገይ ይዘገያል። አመራሩ ከተበላሸም ሙዚቀኞቹ መጫወት ያቆሙና ይቆጡታል! ሌላው ፎቅ ደግሞ ስለ ድምፅ ባሕርይና ስለ ጆሮ አሠራር ያስተምራል።

እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን የመሣሪያውን ውድነት ሳይሆን የአስተማሪነቱን ዘዴ ነው። የሙዚቃ ፍጥነት ምን እንደሆነ በመጽሐፍ ለማስረዳት ብዙ ገጽ ይፈልጋል፤ በትሩን የያዘ ልጅ ግን በአንድ ደቂቃ ይረዳዋል። ዘዴው ለአገራችንም እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በአዲስ አበባ የተከፈተው የሳይንስ ሙዚየም ጎብኚን በማሳተፍ የማስተማርን ሐሳብ ይዞ የተነሣ ነው።

የበገና ፊዚክስ

ለምሳሌ በገናን እንውሰድ። ቁመቱ አንድ ሜትር ያህል ወይም ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን 10 አውታሮች አሉት። ድምፁ ወፍራምና ዝቅ ያለ ነው። በዚህ ላይ አንድ የሳይንስ ጥያቄ ይነሣል። በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ በአየር ውስጥ ያለው የሞገድ ርዝመት 3.4 ሜትር ያህል ነው። ከዚህ ሞገድ እጅግ የሚያንሰው የበገና ገበታ እንዲህ ያለውን ዝቅተኛ ድምፅ በሚገባ ወደ አየር ሊረጭ አይችልም። የሰው ጆሮም ለዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው ንቃት ደካማ ነው። ታዲያ በገና እንዴት ይሰማል?

መልሱ ያለው በአውታሩና በድልድዩ መካከል በሚገቡት ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ላይ ነው። አውታሩ ሲመታ ከድልድዩ ጋር እየተነካካ ያንን የታወቀውን የመንዘር ድምፅ ይፈጥራል። መነካካቱ የአውታሩን ጉልበት ከፊሉን ወደ ከፍተኛ ድግግሞሾች ያሸጋግረዋል፤ እነዚህን ደግሞ ገበታው በተሻለ ይረጫቸዋል፤ ጆሮም በተሻለ ይሰማቸዋል። የሕንዶቹ ታንፑራም በተመሳሳይ መርህ ይሠራል። አባቶቻችን ቀመሩን ባይጽፉትም መፍትሔውን በቆዳና በጆሮ አግኝተውታል። አንድ ተማሪ የቆዳውን ቁራጭ በመጠኑ ገፋ አድርጎ የድምፁን መለወጥ ቢሰማ ይህን ሁሉ በቅጽበት ይገነዘባል። በመስታወት በኩል ግን ፈጽሞ ሊገነዘበው አይችልም።

ክራርም የራሱ ትምህርት አለው። ሁለት ክሮች ተቀራራቢ ሆነው ነገር ግን በትክክል ሳይገጥሙ ሲቀሩ፣ ለምሳሌ አንዱ በሴኮንድ 220 ጊዜ ሌላው 222 ጊዜ ቢርገበገቡ፣ ጆሮ በሴኮንድ 2 ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ክራር ቃኚው ይህ ከፍ ዝቅ ማለት እስኪጠፋ ድረስ ክሩን ያጠብቃል ወይም ያላላል። የመሰንቆ ተጫዋች ደግሞ ብቸኛዋን የፈረስ ጭራ አውታር አጋማሿ ላይ በጣቱ ሲነካ ድግግሞሹ እጥፍ ይሆናል። ይህ ሁሉ በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ አለ፤ የጎደለው መሰንቆው ነው።

ቡናው ለምን?

«ሙዚቃና ሳይንስ ይሁን፤ ቡናና ኬክ ምን አመጣው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሱን ከታሪክ እንጀምር። ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ በጀርመን ላይፕሲክ ከተማ ከ1729 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመራው የተማሪዎችና የሙዚቀኞች ማኅበር ሙዚቃውን ያሰማ የነበረው በዚመርማን ቡና ቤት ነበር። በ1734 እ.ኤ.አ. ገደማ የደረሰው «የቡና ካንታታ»ም ልጁን ቡና ለማስተው የሚታገል አባትን የሚያሳይ ቀልደኛ ድርሰት ነው። የአረቢካ ቡና የተፈጥሮ መገኛ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን እንደሆነ፣ ከዚህም በየመን በኩል ወደ ዓለም እንደተሠራጨ ይታወቃል። እንግዲህ በላይፕሲክ ከዚያ ሙዚቃ ጋር የተጠጣው ቡና የዘር ሐረጉ ከእኛ ደን የሚመዘዝ ነው። ሙዚቃው ወደ ቡናው አገር ቢመጣ እንግዳ ሊባል አይገባውም።

ቀጥሎ ሳይንሱ አለ። የቡና ሥነ ሥርዓት ራሱ የድምፅ ቤተ ሙከራ ነው። ቡና ሲቆላ የሚያሰማው መንጣጣት በፍሬው ውስጥ የታፈነው እንፋሎትና ጋዝ ፍሬውን ሲሰነጥቀው የሚወጣ ድምፅ ነው፤ ቆይዋም በዓይኗና በአፍንጫዋ ብቻ ሳይሆን በጆሮዋ ጭምር ትቆላለች። ፍል ውኃና ቀዝቃዛ ውኃ ሲቀዱ የሚያሰሙት ድምፅም የተለያየ ነው። ሌላም አለ፤ በፍል ውኃ ውስጥ የሚሟሟ የቡና ዱቄት ጨምራችሁ አማስሉና የኩባያውን ታች በማንኪያ ደጋግማችሁ ምቱ። ድምፁ መጀመሪያ ወፍራም ሆኖ ቀስ በቀስ እየቀጠነ ይሄዳል። የፊዚክስ ባለሙያው ፍራንክ ክራውፎርድ እ.ኤ.አ. በ1982 እንዳብራራው፣ ምክንያቱ ከዱቄቱ ጋር የሚገቡት ጥቃቅን የአየር አረፋዎች ናቸው። አረፋዎቹ በፈሳሹ ውስጥ የድምፅን ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ ወደ ላይ ወጥተው ሲጠፉ ግን ፍጥነቱ ይመለሳል፤ ድምፁም ይቀጥናል። ለዚህ ሙከራ ከኩባያና ከማንኪያ በቀር የሚገዛ መሣሪያ የለም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ቡና ጊዜ ይሰጣል። በገና በችኮላ አይደመጥም። አቦል ለመስማት፣ ቶና ለመንካትና ለመሞከር፣ በረካ ለመወያየት ቢመደብ አንድ ጉብኝት የተሟላ ትምህርት ይሆናል። ድፎ ዳቦም ይሁን ከኬክ ቤት የመጣ ኬክ፣ ከቡናው ጋር የሚቀርበው ቁርስ እንግዳውን ያስቀምጠዋል፤ ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብም ለአውታርና ለቆዳ መግዣ ይሆናል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ቅርስ በእጅ ብዛት ይበላሻል የሚል ነው። እውነት ነው። ስለዚህ ጥንታዊው መሣሪያ በመስታወቱ ውስጥ ይቆይ፤ የሚነካው ግን በባለሙያ እጅ የተሠራ አዲስ ቅጂ ይሁን። ይህ ለመሣሪያ ሠሪዎቹም የሥራ በር ይከፍታል።

ሁለተኛው፣ በገና የጸሎት መሣሪያ ስለሆነ መጫወቻ ሊደረግ አይገባም የሚል ነው። ይህም ሊከበር የሚገባው ሐሳብ ነው። መንካት ሁሉ ግን ማቃለል አይደለም። መምህሩ በአጠገብ ተቀምጦ እንዴት እንደሚያዝና መቼ እንደሚደረደር ቢያስተምር፣ ከመስታወት በስተ ጀርባ ከማየት ይልቅ አክብሮትን ይጨምራል። መንዙማንም በተመለከተ መቼና እንዴት እንደሚሰማ የሚወስኑት ባለቤቶቹ ሊሆኑ ይገባል።

ሦስተኛውና ከባዱ ተቃውሞ የድህነት ነው፤ «ቤተ ሙከራችን ሳይሟላ ቤተ መዘክር ምን ያደርጋል?» የሚል። የእኔ መልስ፣ ይህ ቤተ መዘክር ራሱ ቤተ ሙከራ ነው የሚል ነው። ለመጀመሪያው ዓመት አንድ ክፍል፣ በገና፣ ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ፣ አንድ ጀበናና ረከቦት ይበቃሉ። የድምፅን ድግግሞሽ ለመለካት ማይክሮፎን ያለው ተንቀሳቃሽ ስልክ ያገለግላል። አስጎብኚዎቹ የፊዚክስ ተማሪዎች ቢሆኑ ሲያስረዱ ራሳቸውም ይማራሉ። በቦንጋ ለቡና የራሱ ቤተ መዘክር እንደታነጸለት ሁሉ፣ በጅማ የዩኒቨርሲቲ ምሁራን፣ የባህል ባለሙያዎችና የአካባቢው ሽማግሌዎች ቢተባበሩ ይህ ከአቅም በላይ አይደለም። ክፍሉ ከተደራጀ በኋላም መሣሪያዎቹ በመኪና ተጭነው ወደ የቡ፣ ወደ አጋሮና ወደ ሊሙ ገነት ትምህርት ቤቶች ሊዘዋወሩ ይችላሉ።

ጊዜው ግን አይጠብቅም

ይህ ጉዳይ ይደር የማይባልበት ምክንያት አለ። መሣሪያ በመስታወት ውስጥ መቶ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ የሚቃኘው ሰው ግን አይቆይም። የቅኝቱ ልክ፣ የቆዳው አቀማመጥ፣ ሸምበቆው የሚቆረጥበት ርዝመት አብዛኛው ያልተጻፈ እውቀት ነው፤ ባለቤቱ ሲያልፍ አብሮት ያልፋል። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ እንጨቱን ሊለካ ይችላል። ድምፁን ግን ከየትም አያገኘውም።

ስለዚህ ውድ ተማሪዎች፣ ቤተ መዘክሩ እስኪሠራ አትጠብቁ። በአካባቢያችሁ ዋሽንት የሚነፉ ወይም ክራር የሚቃኙ አባት ወይም እናት ካሉ በበዓል ቀን ሄዳችሁ ጠይቁ። ፈቃዳቸውን አግኝታችሁ ድምፁን ቅረጹ፤ የአውታሩን ርዝመት ለኩ፤ እርሳቸው ለእያንዳንዱ ነገር የሚሰጡትን ስም በትክክል ጻፉ። ቡና ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ ወሬው ይረዝማል። ነገ ለሚከፈተው ክፍል የመጀመሪያው ስብስብ ይኸው የእናንተ ማስታወሻ ደብተር ይሆናል።