የሚበራ ኪቦርድ፦ ለዓይን ነው ወይስ ለጌጥ?

በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። «ኧረ ስንት ችግር እያለ ስለ ኪቦርድ መብራት?» የምትሉኝ አትጠፉም። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው፣ ሁለተኛ ዓመት ሆኜ የላብ ሪፖርት ለማስረከብ አንድ ሌሊት ብቻ እስኪቀረኝ ድረስ።

ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነበርን። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ መብራት ማብራት የለም። ማንም ያወጣው ሕግ አይደለም፤ ግን ጠዋት ፈተና ያለበትን ልጅ መቀስቀስ ነውር ነው። ኮሪደር ወጥቼ እንዳልሠራ እዚያ ሶኬት የለም፣ የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ከአርጀ ቆይቷል። ስለዚህ የሞባይሌን መብራት አበራሁና ስልኩን በጥርሴ ነክሼ መጻፍ ጀመርኩ። ጽሑፉ እንኳ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ኮዱ ነው። ሴሚኮለን ብዬ አጠገቡ ያለውን አፖስትሮፍ እየተጫንኩ፣ የሚከፈተውን ቅንፍ በሚዘጋው እየተካሁ፣ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ሌሊቱን በላው።

መምህሮቻችን «ታይፕ ማድረግ የሚችል ሰው ኪቦርድ አያይም» ይሉናል። ግማሹ እውነት ነው። ለ26ቱ የላቲን ፊደላት እውነት ነው፤ ኤፍና ጄ ላይ ያለችውን ትንሽ ጉብታ በጣት ዳብሶ የእጅን ቦታ ማግኘት ይቻላል። የቁጥሮቹ መስመርስ? ቅንፎቹስ? የድምፅና የስክሪን ብርሃን መቀነሻዎቹስ? እነሱ ጉብታ የላቸውም፣ ከላፕቶፕ ላፕቶፕም ቦታቸው ይለያያል። እኛ ደግሞ አንድ ቀን በላብ ኮምፒውተር፣ አንድ ቀን በጓደኛ ላፕቶፕ የምንሠራ ሰዎች ነን።

ወደ አማርኛ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ የመጻፉ ችግር በብዙ ተቃልሏል፤ ቁልፎቹ ላይ የሚታተመው ግን አሁንም የላቲን ፊደል ነው። ሺፍትና ቲ ሲጫኑ የ«ጠ»፣ ሺፍትና ሲ ሲጫኑ የ«ጨ» ቤተሰብ እንደሚመጣ የለመደ ሰው በቃሉ ያውቀዋል። አባቴ ግን ኮምፒውተር የነኩት ጡረታ ከወጡ በኋላ ስለሆነ ቁልፎቹ ላይ የአማርኛ ስቲከር አስለጠፉ። ጥቁር ስቲከር፣ ነጭ ፊደል፤ ቀን ሲያዩት ያምራል። ማታ መብራት ሲሄድ ታዲያ ከሥር የሚወጣውን ብርሃን ስቲከሩ ይጋርደዋል። የሚበራው የቁልፉ ዙሪያ ብቻ ነው። ፊደሉ ጨለማ፣ ዳር ዳሩ ብርሃን! «ልጄ፣ ይኼ መብራት ለማን ነው የሚያበራው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እውነቱን ለመናገር የሳቸው ጥያቄ ነው።

እስቲ ነገርዬው እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ከቁልፎቹ ሥር ቀጭን ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ይነጠፋል። ጥቂት ኤልኢዲዎች ከጠርዙ በኩል ያበሩበታል፤ ብርሃኑ በፕላስቲኩ ውስጥ እየተንጸባረቀ ይጓዝና ጥቃቅን ነጠብጣቦች ሲያጋጥሙት ወደ ላይ ይወጣል። ነጠብጣቦቹ ከኤልኢዲው በራቁ ቁጥር ይበዛሉ፣ አለበለዚያ አንዱ ጥግ ቦግ ብሎ ሌላው ይደበዝዛል። የቁልፉ ቆብ ብርሃን ከሚያሳልፍ ፕላስቲክ ይሠራና ጥቁር ቀለም ይቀባል፤ ከዚያ ፊደሉ በሌዘር ተፍቆ ይወጣል። ቀለሙ በጣት ብዛት ሲላጥ ያልተፈለገ ቦታ ማብራት የሚጀምረውም ለዚህ ነው። ሁለት ዓይነት ፕላስቲክ አንዱን በሌላው ውስጥ አፍስሶ የሚሠራው ቆብ ይህ ችግር የለበትም፣ ግን ዋጋው ይጨምራል።

«ባትሪ ይበላል» የሚለውን ስጋት በወረቀት አሰላሁት። ስድስት ኤልኢዲ፣ እያንዳንዱ 20 ሚሊአምፒርና 3 ቮልት ቢወስድ በድምሩ 0.36 ዋት ነው። 8 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ 45 ዋት-ሰዓት ባትሪ ቢኖረው፣ የኪቦርዱን መብራት እስከ መጨረሻው ከፍቶ መሥራት ከአምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሩብ ሰዓት ገደማ ይቀንሳል። ያውም በሙሉ ብርሃን። ጨለማ ውስጥ ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሰ ይበቃል።

ጭቅጭቁ ያለው እዚህ ላይ ነው። በአንድ የተማሪዎች ፕሮጀክት ማሳያ ቀን ቀስተ ደመና የመሰለ ኪቦርድ አየሁ፤ ሰው ተኮልኩሎበት ነበር። ሠሪዎቹን ዝቅተኛው ብርሃን ምን ያህል እንደሆነ ስጠይቃቸው «ማን ትንሽ ብርሃን ይፈልጋል?» አሉኝ። እኔ እፈልጋለሁ! ጨለማ የለመደ ዓይን ለመላመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ የፈጀበትን ነገር በአንድ ብልጭታ ያጣዋል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት የኪቦርድ መብራት የሚመዘነው በትልቁ ሳይሆን በትንሹ ነው። ፊደሉ ለጸሐፊው የሚታይ፣ ጎን ለተኛው የማይታይ ደረጃ ካልኖረው ምንም ያህል ቀለም ቢቀያይር ለጨለማ የተሠራ ነው አልልም።

ስለ ቀለም ካነሳን አይቀር፣ ቀይ ብርሃን በደብዛዛ ብርሃን የምናይባቸውን ሮድ የተባሉ የዓይን ሴሎች ብዙም ስለማይነካቸው ኮከብ ተመልካቾች ይመርጡታል። ይህን ሰምቶ ኪቦርዱን ቀይ አድርጎ ከላይ ወተት የመሰለ ነጭ ስክሪን የሚከፍት ሰው ግን ራሱን ነው የሚያታልለው። መጀመሪያ ስክሪኑን ያጨልም።

ሌሎችም ስህተቶች አሉ። ብርማ ቁልፍ ላይ ነጭ የሚበራ ፊደል የሚያደርጉ አሉ፤ ሙሉ ጨለማ ውስጥ ጥሩ ነው፣ ክፍሉ ደብዘዝ ብሎ ሲበራ ግን ፊደሉና ቁልፉ እኩል ይሆኑና ሁለቱም ይጠፋሉ። መብራቱን ማጥፋት ይሻላል ማለት ነው። ሌላው ጥቂት ሰከንድ ካልነኩት የሚጠፋው ዓይነት ነው። እንዲበራ አንድ ቁልፍ መንካት አለብህ፤ የትኛውን እንደምትነካ ለማየት ደግሞ መብራት ያስፈልግሃል። የይለፍ ቃል እያስገባህ ከሆነ አለቀ። የመዳሰሻ ሰሌዳው ሲነካ እንዲበራ ማድረግ ይህን ያህል ከባድ ነው?

አፕል እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ባለ 17 ኢንች ፓወርቡክ ላይ የክፍሉን ብርሃን የሚለካ ሴንሰር አድርጎ ኪቦርዱ ሲጨልም በራሱ እንዲበራ አድርጎ ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው። እኔን የበለጠ የሚማርከኝ ግን ከዚያ የቀደመው የአይቢኤም ቲንክፓድ መፍትሔ ነው። እነሱ ከሥር አላበሩም። ከስክሪኑ በላይ ክዳኑ ጠርዝ ላይ አንዲት ትንሽ ኤልኢዲ ተክለው ወደ ታች ወደ ኪቦርዱ እንድታበራ አደረጉ፤ ኤፍኤንና ፔጅአፕ ሲጫኑ ትበራለች። የላፕቶፕ ክዳን እየሳሳ ሲሄድ ይህች መብራት ቀረች፣ በቦታዋም ከሥር የሚበራው ገባ።

እኔ ስትቀር የጠፋ ነገር አለ ባይ ነኝ። ከላይ የሚመጣ ብርሃን ቆቡ ላይ ምን እንደተጻፈ አይመርጥም፤ ላቲን ይሁን ግዕዝ፣ ስቲከር ይሁን በእስክሪብቶ የተጻፈ፣ ያበራዋል። ደብተርም ኪቦርዱ ላይ ቢቀመጥ ይነበባል። እርግጥ ነው፣ ብርሃኑ የሚያንጸባርቅ ቆብ ላይ ይነጥራል፣ የጣት ጥላም ይሠራል። በዚያ ላይ የፋብሪካ ውበት የለውም። ግን ለአባቴ የሚሠራው ይኼኛው ነው።

ከሥር የሚበራው ይቅር እያልኩ አይደለም። የግዕዝ ፊደል በሌዘር ተፍቆ የሚሸጥበት ቆብ ቢመጣ ደስታውን አልችለውም። እስከዚያ ግን ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ ያሰብኩት በዩኤስቢ የምትሠራ፣ ክዳን ላይ የምትቆነጠጥ፣ ከደብዛዛ የምትጀምር መብራት ናት። ብርሃኑን ለመቀነስ ኤልኢዲውን በፍጥነት ማብራትና ማጥፋት እንዳለ ነው፤ ፍጥነቱ ካነሰ ግን ዓይን ያደክማል፣ እሱን ገና እየሞከርኩ ነው። ዲፓርትመንቱ ፕሮጀክት ሲገመግም «ጨለማ ክፍል ውስጥ ተሞክሯል ወይ?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨምርልን ደግሞ እኔም ሌሎቹም ላብ ውስጥ መጋረጃ መዝጋት እንጀምራለን። ክዳኑ የተሰበረ አሮጌ ላፕቶፕ ያላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ንገሩኝ፤ ማጠፊያውን እፈልገዋለሁ።