ሰንጠረዡ የት አለ?

«ጥናቶች እንደሚያሳዩት» የምትለው ሐረግ የዘመኑ ማኅተም ሆናለች። ሚኒስትሩ ይላታል፣ አበዳሪው ይላታል፣ የቴሌቪዥን ተንታኙም ይላታል። እሷ ከተባለች በኋላ እጁን አውጥቶ የሚጠይቅ ሰው ያልተማረ ይመስላል። የማን ጥናት ነው? መረጃው የት አለ? ሌላ ሰው ስሌቱን ደግሞ ሠርቶ ያንኑ ቁጥር አገኘ ወይ? እህል በቁና ገዝቶ የሚያውቅ ሁሉ ሻጩ ከመጋረጃ ጀርባ ሰፍሮ «ሞልቷል» ቢለው ገንዘቡን አይከፍልም። የሀገር በጀት ሲሆን ግን ይከፈላል።

በአንዲት የኤክሴል ፋይል የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። (ሌላ ካልተባለ ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

በ2010 ካርመን ራይንሃርት እና ኬኔት ሮጎፍ «እድገት በዕዳ ዘመን» የሚል አጭር ጽሑፍ አወጡ። ሁለቱም ስመ ጥር የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት ናቸው፤ የሃርቫርዱ ሮጎፍ ቀደም ሲል የዓለም የገንዘብ ድርጅት ዋና ኢኮኖሚስት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የነበሩትን የ20 ያደጉ ሀገራት መረጃ ሰብስበው አንድ መስመር አሰመሩ። የመንግሥት ዕዳ ከአጠቃላይ የሀገር ውስጥ ምርት 90 በመቶ ሲያልፍ እድገት ክፉኛ ይወድቃል፤ አማካዩም ከዜሮ በታች 0.1 በመቶ ይሆናል አሉ።

ጊዜው ለዚህ ቁጥር የተመቸ ነበር። ግሪክ ዕዳዋን መክፈል አቅቷታል፣ የአውሮፓ መንግሥታት ደንግጠዋል፣ ቀበቶ ማጥበቅን ከልባቸው የሚፈልጉ ፖለቲከኞችም ምሁራዊ ምርኩዝ እየፈለጉ ነው። የብሪታንያው ጆርጅ ኦስቦርን የሁለቱን ሊቃውንት ሥራ ጠቀሰ፤ የአሜሪካው ፖል ራያን በበጀት ሰነዱ አስገባው፤ የአውሮፓ ኮሚሽኑ ኦሊ ሬንም 90 በመቶዋን እየጠራ ተከራከረ። ግሪክ የቆረጠችው ይህን ጽሑፍ አንብባ አይደለም፤ አበዳሪዎቿ አንገቷን ይዘዋት ነው። ግን በ2013 ከአራት ግሪካዊ ሠራተኞች ከአንድ በላይ ሥራ አጥቶ ሲቀመጥ «ሌላ መንገድ የለም፣ ሳይንሱ ይህን ይላል» ለሚሉት ሰዎች ስንቅ ያቀበለው ይኸው ቁጥር ነበር።

ቶማስ ሄርንደን የሚባል በማሳቹሴትስ አምኸርስት ዩኒቨርሲቲ የሚማር የድኅረ ምረቃ ተማሪ የቤት ሥራ ተሰጠው። የታተመ ጥናት መርጦ ስሌቱን ራሱ ደግሞ እንዲሠራ ነው። ይህንኑ መረጠ። ቢደምር፣ ቢያካፍል ቁጥሩ አልገጥም አለው። ፋይሉን ከደራሲዎቹ ጠየቀ፤ ለሥነ ምግባራቸው ምስጋና ይድረሳቸውና ላኩለት።

ከፈተው። አማካዩን የምታወጣው ቀመር እስከ 49ኛው ረድፍ መውረድ ሲገባት 44ኛው ላይ ቆማለች። አምስት ሀገራት፣ ማለትም አውስትራሊያ፣ ኦስትሪያ፣ ቤልጂየም፣ ካናዳ እና ዴንማርክ፣ ከስሌቱ ውጭ ቀርተዋል። ይህ እንኳ ማንም ላይ የሚደርስ የእጅ ስህተት ነው። የባሰው ሌላ ነበር። ብሪታንያ ከ90 በመቶ በላይ ዕዳ ተሸክማ 19 ዓመት ስትቆይ በአማካይ 2.4 በመቶ አድጋለች። ኒውዚላንድ በስሌቱ ውስጥ የገባችው ግን በአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ በ1951፣ ኢኮኖሚዋ 7.6 በመቶ በወረደበት። አንዱ ዓመትና 19ኙ ዓመት እኩል ክብደት ተሰጣቸው። ኒውዚላንድ ባለ ዕዳ የነበረችባቸው ከ1946 እስከ 1949 ያሉት ዓመታት ደግሞ ጭራሽ አልገቡም፤ ቢገቡ የሀገሪቱ አማካይ ወደ 2.6 በመቶ ከፍ ይል ነበር።

ሄርንደን ከመምህራኑ ከማይክል አሽ እና ሮበርት ፖሊን ጋር ሁሉንም አስተካክሎ ሲደምር ከ90 በመቶ በላይ ያለው አማካይ እድገት 2.2 በመቶ ሆነ። ዕዳ ሲበዛ እድገት ቀዝቀዝ ማለቱ አሁንም ይታያል። ገደሉ ግን የለም። እንዲያውም ዕዳው እድገትን አዳከመ ወይስ የተዳከመ እድገት ዕዳ አከማቸ የሚለውን ሰንጠረዡ ራሱ አይመልስም። ሊቃውንቱ የኤክሴሉን ስህተት አመኑ፤ የቀረውን ትችት አልተቀበሉም፤ ዋናው ግኝታችን አይናጋም ብለው ጸኑ። መብታቸው ነው። ጥፋቱ ያለው ሦስት ዓመት ሙሉ ቁጥሩን እያውለበለቡ በጀት ሲያጸድቁ የነበሩት፣ አንዳቸውም «ፋይሉን እንየው» ባለማለታቸው ነው። የጠየቀው የቤት ሥራ የተሰጠው ተማሪ ነው!

አሁን ይህን ከሌሎች ሙያዎች ጋር ማስተያየት ነው።

በመስከረም 2011 ኦፔራ የተባለው የፊዚክስ ቡድን ከጄኔቫው ሰርን ተነስተው ጣሊያን ውስጥ ግራን ሳሶ ተራራ ሥር የሚደርሱ ኒውትሪኖዎች 730 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ ከብርሃን 60 ናኖ ሰከንድ ቀድመው ጨረሱ የሚል ውጤት አየ። እውነት ቢሆን አንስታይንን የሚገለብጥ ነው። ቡድኑ ምን አደረገ? ለወራት ስህተቱን ፈልጎ ሲያጣ፣ የአለካኩን ዝርዝር ጽሑፉን ማንም በነጻ በሚያነብበት በአርካይቭ ለጠፈ፤ «የት እንደተሳሳትን አሳዩን» ዓይነት ጥሪም አቀረበ። የዓለም ፊዚከኞች ተረባረቡ። በጥቂት ወራት ውስጥ በደንብ ያልገባ የፋይበር ኦፕቲክ ኬብል ተገኘ። ጎረቤት የነበረው ኢካሩስ የተባለው ሙከራም ለክቶ ኒውትሪኖዎቹ ከብርሃን እንደማይቀድሙ አረጋገጠ። የቡድኑ ቃል አቀባይ ከኃላፊነቱ ለቀቀ።

የሥነ ፈለኩም እንደዚያው ነው። በመጋቢት 2014 በደቡብ ዋልታ ባይሴፕ 2 የተባለ ቴሌስኮፕ የያዙ ተመራማሪዎች ከዩኒቨርስ ልደት የተረፈ የስበት ሞገድ አሻራ አገኘን ብለው ጋዜጣዊ መግለጫ ሰጡ። ዓመት ሳይሞላ ከፕላንክ ሳተላይት ሰዎች ጋር መረጃቸውን አዋህደው ሲያዩት ምልክቱ በአብዛኛው የራሳችን ጋላክሲ አቧራ ሊሆን እንደሚችል ተናገሩ። የሒሳቡ አንድሩ ዋይልስ በ1993 ካምብሪጅ ላይ የፌርማን ቲዎረም ፈታሁ ሲል ጭብጨባው ሳይበርድ ገምጋሚዎች ክፍተት አገኙበት፤ ከሪቻርድ ቴይለር ጋር በ1994 እስኪሞላው ድረስ ማስረጃው አልታተመም።

እዚህ ላይ የሚያናድድ ነገር አለ። ኒውትሪኖ ከብርሃን ቢቀድም በማንም ቤት እንጀራ አይጎድልም። የፌርማ ማስረጃ ክፍተት ቢኖረው የጡረተኛ ደመወዝ አይቆረጥም። እነዚህ ሰዎች ግን ኬብላቸውን ሳይቀር ለመላው ዓለም ዘርግተው አስመረመሩ። ኬብል ሳይሆን የሰው ኑሮ የሚቆርጠው ሙያ ነው «እመኑኝ» የሚለው። በ2015 ሁለት ተመራማሪዎች በታወቁ መጽሔቶች የወጡ 67 የኢኮኖሚክስ ጥናቶችን ደግመው ለመሥራት ሞክረው፣ ደራሲዎቹ እየረዷቸውም እንኳ ከግማሽ በታች ነው የተሳካላቸው።

«ኢኮኖሚክስ እንደ ፊዚክስ አይደለም፣ ሀገርን ቤተ ሙከራ ማስገባት አይቻልም» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፤ ግን የሚደግፈው ተቃራኒውን ነው። ሙከራውን መድገም ካልተቻለ ቢያንስ ስሌቱን መድገም መቻል አለበት። «መረጃው ምስጢር ነው» ለሚሉትም፣ የቤተሰብ ስምና አድራሻ ይደበቅ፤ ቀመሩን ምን አስደበቀው? የአሜሪካ ኢኮኖሚስቶች ማኅበር ራሱ ከ2019 ጀምሮ ለመጽሔቶቹ የሚቀርብ ጽሑፍ ሳይታተም ፋይሉና ኮዱ እንዲመረመር እያደረገ ነው። ይቻላል ማለት ነው። ከዚህ ተነስቶ «ሳይንስ ሁሉ ውሸት ነው» ብሎ ክትባትን ለሚሸሽም እዚህ ስንቅ የለም፤ ስህተቶቹን ሁሉ ያገኙት ራሳቸው ተመራማሪዎች ናቸው።

መጽሔት እንኳ ስህተት ካሳለፈ፣ በመጽሔት የማይወጣው የመንግሥትና የአበዳሪ ሰነድ እንዴት ይሆን? ኢትዮጵያን እንውሰድ። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ «የነፍስ ወከፍ ገቢ ይህን ያህል ደረሰ» የሚል መግለጫ በተሰጠ ቁጥር አካፋዩ የተቆጠረ ሕዝብ ሳይሆን የተገመተ ሕዝብ ነው። ይህን በግርጌ የሚጽፍ መግለጫ ስንት አለ?

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ሀገሪቱ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንዷን የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። በቀጣዩ ሐምሌ ብር በገበያ እንዲተመን ተለቀቀ፤ የገንዘብ ድርጅቱም የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም አጸደቀ። ከፕሮግራሙ ጋር የዕዳ ዘላቂነት ትንተና የሚባል ሰነድ አለ፤ ማን ስንት እንደሚሰርዝ የሚወሰነው በእሱ ነው። ቦንድ ያዢዎቹ ትንተናውን አልተቀበሉትም። የኢትዮጵያ ችግር የውጭ ምንዛሪ እጥረት እንጂ የመክፈል አቅም ማጣት አይደለም ብለው ተከራከሩ። ለዚህ የሚሆን አማካሪና ጠበቃ አላቸው። በመርካቶ የዘይት ዋጋ የሚከፍለው፣ በመድኃኒት ቤት መስኮት የሚቆመው ሰው ግን ከዚያ ሰነድ የደረሰው «ጥናቱ እንደሚያሳየው» የምትለዋ ብቻ ናት። የመንግሥት ኢኮኖሚስቶች፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የምክር ቤት አባላት ያንን ፋይል ከእነ ቀመሩ ጠይቀው ለአንድ የማስተርስ ክፍል የቤት ሥራ አድርገው ቢሰጡት ወጪው ምንድን ነው? ሄርንደን የተጠቀመው ኤክሴል እዚህም በየቢሮው አለ።