ስለ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ልምምድ



በየትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ቡድን ሲቋቋም አሠልጣኙ አስቀድሞ የሚያዘው ረጅም ሩጫ ነው። ልማዱ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ አያስቸግርም። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮማ፣ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶንን ካሸነፈ ወዲህ ስፖርት ማለት ለእኛ ሩጫ ሆኖአል። ዛሬም ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን በሱሉልታ፣ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ፣ ሯጮች ማለዳ ሲለማመዱ ይታያሉ።

ቅርጫት ኳስ ግን ሌላ ሥራ ነው። ሜዳው 28 በ15 ሜትር ሲሆን ኳስ የያዘው ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቀለበቱ መወርወር ግዴታው ነው። በአውስትራሊያ ተጫዋቾችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች በ1995 እ.ኤ.አ. እንዳወጡት፣ አንድ ተጫዋች በአንድ ግጥሚያ 1,000 ጊዜ ያህል እንቅስቃሴውን ይለውጣል፤ ይኸውም በየ2 ሰከንዱ ማለት ነው። 46 ጊዜ ያህል ይዘላል፤ 105 ጊዜ ያህልም በኃይል ይንቀሳቀሳል። ሯጭ አንድ ዓይነት እርምጃ ሲደጋግም፣ ይኸኛው ይቆማል፣ ይዞራል፣ ዘሎም ይወርዳል። ሲወርድ ጉልበቱ የሚሸከመው የሰውነቱን ክብደት እጥፍ ድርብ አድርጎ ነው።

ሩጫ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ልብን ስለሚያጠነክር ትንፋሽ ቶሎ እንዲመለስ ይረዳል። ነገር ግን አንድ ሰዓት ሶምሶማ የሮጠ ልጅ በድንገት መቆምንና ጉልበትን አጥፎ በለስላሳ መውረድን ከሶምሶማው አይማርም። እኛ በተጂና በበቾ ሜዳ ያለን ሰዎች ደግሞ ሌላ ችግር አለብን። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ስለ ሆነ በክረምት አያስረግጥም፤ ልጆቹ ሲሚንቶ ላይ፣ ያውም በስስ የሸራ ጫማ፣ ይዘላሉ። ጉልበቴን አመመኝ የሚል ተማሪ ሲገኝ «ሰነፍ» ይባላል። ሰውነቱ ገና በማደግ ላይ ያለ የ15 ዓመት ልጅ መሆኑን የሚያስብ ጥቂት ነው።

የውድድር ወራት ሲደርስ ነገሩ ይብሳል። ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ባንዳንድ ቦታ አንድ ቡድን ጧት ተጫውቶ ከሰዓት በኋላ እንደ ገና ይሰለፋል። በጡንቻ ውስጥ ያለቀው ስንቅ ተመልሶ እስኪሞላ አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል፤ በዓቢይ ጾምና በረመዳን ደግሞ ባዶ ሆድ ይጨመርበታል። ስለዚህ የትምህርት ቢሮዎችና ፌዴሬሽኑ ለተማሪ ቡድን በቀን ከአንድ ግጥሚያ በላይ እንዳይወሰን፣ በጾም ወራትም ልምምዱ ቀለል ብሎ ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት እንዲጠጋ ቢያዝዙ ምንኛ በተገባ ነበር።

ገንዘብ የማይጠይቅ መድኃኒትም በእጃችን አለ። ሕጉ አንድ ቡድን እስከ 12 ተጫዋች እንዲያስመዘግብና ያለ ገደብ እንዲቀያይር ይፈቅዳል። አሠልጣኞቻችን ግን አምስቱን ጎበዞች ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ያቆዩአቸዋል፤ ሰባቱ ማልያቸውን ለብሰው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከተጂ