ቤቱ ይሸጣል፤ እማሆይስ?

ባለቤቴ ጡረታ በወጣ ሰሞን አንድ ሐሳብ ያዘው፦ ደብረ ታቦር ቤት መግዛት። ፋርጣ ተወልዶ አዲስ አበባ ያረጀ ሰው ነው። ልጆቻችን «አባዬ፣ መጀመሪያ የኮንዶሚኒየሙን ዕዳ ጨርስ እንጂ! የምን ደብረ ታቦር ነው?» አሉት። እኔም ከልጆቹ ጋር ነበርኩ። አንድ ቀን ግን የአጎቱ ልጅ ደወለና «አሮጌ ባለ ደርብ ቤት ሊሸጥ ነው። ልጆቹ ውጭ አገር ናቸው፤ ቶሎ ከመጣችሁ በደህና ዋጋ ታገኙታላችሁ» አለው። በሳምንቱ መንገድ ላይ ነበርን።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። የፎገራን የሩዝ ማሳ ትታችሁ ዳገቱን ስትያያዙት ብርዱ ይቀበላችኋል። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከበላይዋ ደግሞ ከ4,000 ሜትር የሚያልፈው ጉና አለ።

ደላላው ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «ይኼ እኮ ራስ ዓሊ ያደሩበት ቤት ነው» አለን። ባለቤቴ ሳቀ። ከተማዋን የመሠረቷት ራስ ጉግሣ ናቸው፤ ራስ ዓሊም ገዝተውባታል። ነገር ግን ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ አጠገቧ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን አስጎትተው ወደ መቅደላ ሲነሡ ከተማዋን አቃጥለዋታል። ባለቤቴ ይህን ሲያስረዳው ደላላው አልተበገረም። «ታዲያ ድንጋይ ይቃጠላል?» አለ።

ማንም ይደርበት ማን፣ ቤቱ ያምራል። ግድግዳው በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው፤ ውፍረቱ ክንድ ያልፋል። ወራጁ ጽድ ነው፤ ምስጥ አልነካውም። ወደ ደርቡ በእንጨት ደረጃ ይወጣል። ጣሪያው ድሮ ሣር ነበር፤ አሁን የዛገ ቆርቆሮ ነው። በአንድ በኩል ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ ነበር፤ እዚያ ቦታ ልስኑ አብጦ ይረግፋል። አብሮን የመጣው ግንበኛ «ሲሚንቶ እርጥበቱን ያፍነዋል፤ ይህ ቤት የሚወደው ጭቃና ጭድ ነው» አለን። ጭቃው በጭድ ተቦክቶ ለቀናት ይቀመጣል፣ በእግር ይረገጣል፣ ክረምት በወጣ ቁጥር ግድግዳው ይታያል፣ የተላጠው ይለሰናል። እኔ በልቤ ወጪውን ስደምር ባለቤቴ ወራጁን በእጁ እየዳበሰ ነበር።

የሕጉንም ነገር ጠይቀን ነው የሄድነው። መሬቱ አይሸጥም፤ የሚሸጠው ቤቱ ነው። ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ገዢው ወደ ሊዝ እንደሚገባ በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ይደነግጋል። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ያለ ፈቃድ ማደስ አይቻልም። ይህን ሁሉ አጣርተን አንድ ነገር ግን ሳናጣራ ቀርተናል።

ቤቱ ውስጥ እማሆይ ነበሩ፤ የሻጮቹ እናት። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ቆብ ደፍተው ብቻቸውን ይኖራሉ። ዳቤያቸውን ቆርሰው አቀረቡልን፣ ቡና አፈሉልን። ደርሳችሁ ምነው ብርዱ ጎዳችሁ፣ ልጆቻችሁ ስንት ናቸው፣ አሉን። በረካው ላይ ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠርጎ «እማሆይ፣ እንግዲህ ስለ ቤቱ ሽያጭ…» ብሎ ጀመረ።

«የማን ቤት?» አሉ።

ደላላው መሬት መሬት አየ። እማሆይ ጀበናውን አስቀመጡና «እንግዳ ይመጣል ብለውኝ ነበር። ቤት ሊገዛ ነው ያለኝ ግን የለም» አሉ። አልተቆጡም። ጥቂት ቆይተው «እናንተ ምን አጠፋችሁ፤ ጠጡ እንጂ፣ ይበርዳል» አሉን። ያ ቡና እንዴት እንደ ወረደልኝ አላውቅም።

ባለቤቴ ወረታ እስክንደርስ አልተናገረም። ቤቱ በትዳራቸው ዘመን የተገዛ ስለሆነ ግማሹ የእማሆይ የራሳቸው ነው፤ ሳይፈርሙ የሚሸጥ ነገር የለም። እኔ ግን ያሰብኩት ፊርማውን አልነበረም።

አዲስ አበባ እንደ ገባን ለልጃቸው ደወልኩላት። ልወቅሳት ነበር የተዘጋጀሁት። ቀድማ አለቀሰች። «እማዬ ብቻዋን ወድቃ ሰው ሳያገኛት ብትቀርስ እያልኩ እንቅልፍ የለኝም። ነይ ብላት እምቢ ትላለች። ቤቱ ከተሸጠ ትመጣለች ብዬ ነው» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እኔም የገዛ እናቴን ከደሴ አንሥቼ አራተኛ ፎቅ ላይ አስቀምጫት ነበር፤ ለእሷ ብዬ። መስኮት ሥር ተቀምጣ ሁለት ዓመት ኖራ ዐረፈች። አንድም ቀን «ትመጫለሽ ወይ?» ብዬ አልጠየቅኋትም ነበር፤ «ልወስድሽ ነው» ነው ያልኳት። ይህንኑ ነገርኳት። «መጀመሪያ ጠይቂያቸው። እምቢ ካሉ እኛም ትተነዋል» አልኳት።

ከሁለት ወር በኋላ እማሆይ ራሳቸው አስደወሉ። «ቤቱን ከፈለጋችሁ ከእኔ ግዙ» አሉ። ሦስት ነገር ጠየቁ፦ እስኪሞቱ እዚያው ሊኖሩ፣ ጣሪያው ክረምት ሳይገባ ሊጠገን፣ ማጀቱን የምታግዝ ልጅ አብራቸው ልትኖር። ሕግ ዐዋቂ ስናማክር ነገሩ አዲስ አይደለም አለን፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ «የአላባ መብት» ይለዋል። ቤቱ የገዢው ይሆናል፤ በሕይወት እስካሉ የሚኖሩበት ግን እሳቸው ናቸው። በውሉ ውስጥ አስገባነው፤ እሳቸውም ልጆቹም ፈረሙ፣ ውሉም ተመዘገበ። ልጅቱ ከሽያጩ ድርሻዋ የረዳቷን ደመወዝ ትከፍላለች።

ይኸው አራተኛ ዓመታችን ነው። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ለቡሄ የልጅ ልጆቻችንን ይዘን እንሄዳለን፤ ጅራፍ ማጮህ የተማሩት እዚያ ነው። እማሆይ ሙልሙሉን ሲያድሉ ለጎረቤቱ «ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶቼ ናቸው» ይሉናል። ልጆቼ «ገንዘብ ከፍላችሁ እንግዳ ሆናችሁ» እያሉ ይስቁብናል። ባለቤቴ ግን «ዝም በሉ፣ ልክ ናቸው» ይላል፤ ከዚያ መሰላሉን ተሸክሞ ቆርቆሮውን ሊያይ ይወጣል።

አረጋዊ እናት ወይም አባት ያላችሁ፣ ስለ ቤታቸው ከደላላ ጋር ከመነጋገራችሁ በፊት አንድ ቡና አብራችሁ ጠጡ። ጥያቄውንም እስከ በረካ አታቆዩት።